ነሽ የሚለው ቃል ደዶ እንዴት እንደደረሰ

ወንዱን ልጅ «ነሽ» ስትለው ሰማኋት። ከጅማ በላይ፣ ደዶ ገበያ ላይ ነው፤ ጭጋጉ ገና ከጋራው አልተነሳም። አንዲት ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ታናሽ ወንድሟን በባዶ ጆንያ ጠቅልላ ከገብስ ክምር አጠገብ አስቀምጣዋለች። ልጁ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ገበያተኛው እያየ ሲስቅበት እሷ እንደ ጠበቃ ብድግ ብላ፣ «ኢኒ ነሺ!» ትላለች፤ በኦሮምኛ «እሱ ነሺ ነው» ማለቷ ነው። ኦሮምኛ ደግሞ እኔ እስከማውቀው እንዲህ የሚባል ቃል የለውም፤ አማርኛም ቢሆን ወንድን «ነህ» እንጂ «ነሽ» አይልም። የያዝኩትን የድንች ዘንቢል መሬት አስቀምጬ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም በእኛ አገር ያንን ቃል ለሚበርደው ሰው የሚሉት፣ ድሮ አንድ ክፍል የተማሩ ጥቂት የጅማ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ እህቴ ወርቅነሽ ናት። እኔና አባባ ደግሞ ያን ቀን ደዶ የወጣነው ለእሷ ለቅሶ የሚሆን ገብስና ድንች ልንገዛ ነበር።

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው ይባላል። የአማርኛ አስተማሪያችን «የልጅነት ትዝታችሁን ጻፉ» ብለው ሲያዙን፣ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ጋሼ፣ እኛ'ኮ ገና ምንም አልረሳንም!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ስቄያለሁ። ቤት ገብቼ ወረቀቱ ላይ ሳጎነብስ ግን ብዕሬ አልቆም አለ፤ አንዱን ስጽፍ ሌላው ይመጣል፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳን ሳልጨነቅ ቦታውን ራሱ ያገኛል፤ እንዲህ የሚያስደስት ነገር ደግሞ አላየሁም። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እቴቴ ወርቅነሽም ከቤት ስትወጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ታላቋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ታላቅ እህቱን በዕድሜ የበለጠ ሰው ትዝታ ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል?

እቴቴ ከቤት ከወጣች አሥር ዓመት ሊሆናት ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ሞታለች ያለን አልነበረም፤ በሕይወት አለች ያለንም አልነበረም። አባባና እማማ በወጣትነታቸው ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ አባባ ልብስ ሰፊ ነው፣ እማማ የቡና መጋዘን ውስጥ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ትለቅማለች። ዘንድሮ አብረውን የሚጸልዩ ወንድሞች መጥተው፣ «ለልጅቷ ለቅሶ ተቀመጡላት፣ ቤታችሁም ይረፍ» አሉ። አባባ ተስማማ። እማማ ግን እንደ ሁልጊዜው እንቢ አለች።

«መቀመጡስ እንቀመጥ» አለችው። «ለቀስተኛው ገብቶ ‹እንዴት ሆነች?› ሲለኝ ምን እለዋለሁ?»

«ጌታ ያውቃል በይው።»

«ጌታማ ያውቃል። የሚጠየቀው ግን እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። የእኛ ሰፈር ለቅሶ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ተኝታ ነው? ድንገት ነው? ማን ነበር አጠገቧ? ያለቀሰ ሁሉ ይህን ሰምቶ ነው የሚያለቅሰው። እማማ ለቅሶውን ይህን ያህል ዓመት የገፋችው ልጄ ትመጣለች ብላ ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ጥያቄ መልስ የላትም። በመጨረሻ አባባ ቀኑን ቆረጠ፤ ድንኳኑም ከእድሩ ተጠየቀ። እማማም ተስማማች። ግን ለቅሶው እየቀረበ ሲመጣ ጠዋት ጠዋት ለብቻዋ ስታጉተመትም እሰማታለሁ፤ የምትመልሰውን እየተለማመደች ነው፤ አንዱም አይጥማትም፤ ትተወዋለች።

የቃሉ ነገር እንዲህ ነው። እኔ ገና ኩልትፍ እያልኩ ሳወራ፣ ለውጡ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እቴቴ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ከእንግሊዝ አገር አንድ አስተማሪ መጣ። ቀጭን፣ ፊቱ ላይ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ጠቃጠቆ ያለው፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሚስብ ሰው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ እሱ ያለ ዣንጥላ በብስክሌት ከፈረንጅ አራዳ እስከ ትምህርት ቤቱ እየበሰበሰ ይመጣና የሸሚዙን ጫፍ በር ላይ ጨምቆ ገብቶ ያስተምራል። ልጆቹ «ዝናቤ» አሉት። እንግሊዝኛው ራዲዮ ላይ እንደሚሰማው አይደለም፤ ከሰል ከሚቆፈርበት አውራጃ ነው የመጣው አሉ፤ የቃሉን ግማሽ ይውጠዋል። እቴቴ ደግሞ ፀሐይ እየወጣም የሚበርዳት ፍጡር ነበረች። ያኔ ሹራብ ሂርማታ ገበያ ሰባት ብር ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ተከራክረው፤ ለእሷ ብቻ ሁለት ተገዝቶላታል፣ አንድ ቡኒ አንድ አረንጓዴ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ትደርባቸዋለች።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እቴቴ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ሰብስባ፣ አንገቷን እንደ ዶሮ ቀብራ ተቀምጣለች። ዝናቤ አያትና ፈገግ ብሎ፣ «ዩ አር ነሽ!» ይላታል። እቴቴ ስሟን ያሳጠረላት መሰላት፤ ብድግ አለች።

«የስ፣ ቲቸር!»

«ኖ፣ ኖ» አለ እየሳቀ። «ዩ አር ነሽ።»

«የስ ቲቸር፣ አይ አም ነሽ።»

ክፍሉም ሊያግዛት በአንድ ድምፅ፣ «የስ ቲቸር! ሺ ኢዝ ነሽ! ወርቅነሽ!»

ሰውየው ዓይኑ ፈጠጠ። በአገሩ ከተሜው እንኳን የረሳውን፣ የእሱ አውራጃ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ቃል አንድ ሙሉ የጅማ ክፍል አብጠርጥሮ የሚያውቀው መስሎታል! ነገሩ ሳይጣራ ደወል ተደወለ። በኋላ አስረዳቸው፤ «ነሽ» ማለት በእነሱ ዘንድ ብርድ የማይችል ሰው ማለት ነው። እኔ ዘንድሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ወፍራም መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጌ አገኘሁት። በጣም ጥንታዊ ቃል ነው ይላል። መጀመሪያ ለስላሳ፣ ጨቅላ ማለት ነበር፤ ቀጥሎ ደካማ ሆነ፤ ከዚያ ብርድ የማይችል። ትልልቆቹ ከተሞች ሲተዉት ገበሬውና ከሰል ቆፋሪው አቆየው። ቃልም እንደ ሰው ከከተማ ተባርሮ ገጠር ገብቶ ይኖራል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኔን ረስቼ «ውይ!» አልኩ፤ ተቆጡኝ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ የክፍሉ ሆነ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ያለው ወንበር «የነሽ ወንበር» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ትርጉሙ ሰፋ፤ ጭቃ የምትጸየፍ፣ ሸራ ጫማዋን በየደቂቃው የምትጠርግ፣ ስሙኒ ይዛ ቦምቦሊኖ ለመግዛት የምታፍር ልጅ ሁሉ «ነሽ» ሆነች። ወንዶቹ ሲደርሱበት ደግሞ ስድብ አደረጉት። «አንተ ነሽ!» ወንድን በሴት አንቀጽ! በዚህ የተነሳ ሁለት ልጆች ተደባድበው ዳይሬክተሩ ፊት ቀረቡ።

«ምን ብሎህ ነው?»

«ነሽ አለኝ።»

«ነሽ ምን?»

«ነሽ ብቻ!» ብሎ ልጁ አለቀሰ።

እቴቴ ይህን ስትነግረን እማማ የቡና አቧራ የጠገበ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያስላት ትስቃለች። «የፈረንጅ ቋንቋ ድሃ ነው ለካ» ትላለች፣ «የእኛን ነሽ ተበድሮ ነው የሚኖረው።» እማማ አማርኛን ራሷ ጅማ መጥታ ነው የተማረችው፤ ግን እንደ ራሷ ዕቃ ትቆረቆርለታለች። አባባም አንዳንድ ጊዜ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ «ነሽ፣ እስቲ ከሰሉን አቀጣጥይው» ይላል፤ እቴቴ እሳት ከተባለ መቼም እንቢ አትልም። ያ ቤት፣ ያ ሳቅ፣ ያ የመኪናው ድምፅ፤ አሁን ሳስበው በጣም ትንሽ ልጅ ሆኜ እንኳን አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል። እቴቴ ደጋግማ ስላወራችው ይሆናል፤ ወይም ከእሷ በኋላ እኔ ለራሴ ደጋግሜ ስላወራሁት።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ዝናቤ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ ብስክሌቱ የት እንደደረሰች አይታወቅም። አፍሮ አበጥረው፣ ሱሪያቸው እንደ ደወል ተነፍቶ ፈረንጅ አራዳ ሲንሸራሸሩ የነበሩ ልጆች ጠፉ፤ አባባ አንድ ክረምት ሙሉ የሱሪ እግር ሲያጠብ፣ ካኪ ሲሰፋ ከረመ። ስኳርና ጨው በቀበሌ ሰልፍ ሆነ። ከሙዚቃ ቤቱ ይወጣ የነበረው የፍቅር ዘፈን ቀርቶ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ይወጣ ጀመር። እኔ ማርሹን እወደው ነበር፤ ገመድ ስዘል ይመቸኛል። ጋሪዎቹ ብቻ አልተለወጡም፤ ፈረሶቹ እንደ ድሮው ቃጭላቸውን እያሰሙ ከገበያ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ይመላለሳሉ፤ እስከ ዛሬም ይመላለሳሉ።

ቃሉም ካኪ ለበሰ። እቴቴና ጓደኞቿ ጓዳ ውስጥ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲከራከሩ፣ «ነሽ» ማለት ወላዋይ ማለት ሆነ፤ ልቡ የሚሳሳ፣ ቁርጥ ሲመጣ የሚያፈገፍግ። «እሱን ተዉት፣ ነሽ ነው» ይባላል። እቴቴ እዚያ ላይ አንገቷን ትደፋለች፤ ቃሉ ከእሷ ነዋ የጀመረው። አንድ ቀን፣ «ብርድ መፍራትና ሰው መፍራት አንድ አይደለም!» ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሰው መጥፋት ጀመረና ትርጉሙ እንደገና ዞረ። ጓደኞቿ ሲመጡ አጥሩን ሳይነኩ በቀስታ «ነሽ?» ይላሉ። መንገደኛ ቢሰማ፣ «አንቺ ነሽ?» ያሉ ይመስለዋል። እነሱ ግን «ብርድ አለ ወይ?» ማለታቸው ነው። «ግቡ» ካለች ይገባሉ። «በርዶኛል» ካለች እንደመጡ ይመለሳሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ የሰባት ዓመት ልጅ የሚደበቀው ነገር የለም፣ የማይገባው እንጂ።

የመጨረሻውን «ነሽ?» የሰማሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ነው፤ አባባ ሱቁ፣ እማማ መጋዘኗ። እቴቴ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣኝ ጸጉሬን ትሠራኛለች፤ በግራ በኩል ያለውን ጨርሳለች። ከአጥሩ ውጭ የሴት ድምፅ፣ «ነሽ?» አለ። እጇ ጸጉሬ ላይ ቆመ። ይበርዳት ነበር፤ ጣቶቿ የራስ ቅሌን ሲነኩኝ ይታወቀኛል። «ግቢ» አላለችም። «በርዶኛል» አላለችም። «መጣሁ» አለች። የዚያ ጥያቄ መልስ ይህ አልነበረም። አረንጓዴ ሹራቧን ደረበችና፣ «ማርቲ፣ ቀሪውን እማማ ትሠራልሻለች» ብላኝ ወጣች። ጸጉሬ ለብዙ ቀን ግማሹ ጉንጉን፣ ግማሹ ጨብረር ብሎ ቆየ። ሊነካኝ የመጣውን ሁሉ ነከስኩ።

በማግስቱ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ፈልገዋት መጡ፤ አልጋ ገለበጡ፣ የአባባን መኪና ሳይቀር ፈቱ። ሲወጡ እማማ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ይፈልጓታል!» አለች በደስታ። «ይፈልጓታል ማለት'ኮ አልያዟትም ማለት ነው!» ደጋግመው ሲመጡ እማማ ደጋግማ እፎይ አለች። ከዚያ መምጣታቸው ቀረ። እማማ መፍራት የጀመረችው ያኔ ነው።

ቤታችን ውስጥ አንድ ቃል የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እማማ እኔን፣ «ጎበዝ ልጅ ነሽ» ልትለኝ ትጀምርና «ጎበዝ ልጅ» ላይ ትቆማለች። «ማርቲ፣ ደህና...» ትልና በከምባትኛ ትጨርሰዋለች። እንግዳ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን ሳድግ የሰማሁት አማርኛ መጨረሻው ክፍት ነው፤ ጎበዝ ልጅ፣ ቆንጆ ልጅ፣ የእኔ ልጅ። ምን እንደሆንኩ ተነግሮኝ፣ መሆኔ ሳይነገረኝ አደግሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ ደዶ ገበያ ላይ ዘንቢሌን አስቀምጬ የቆምኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ልጅቷን ተጠጋኋት።

«ወንድምሽን ምን አልሽው?» አልኳት በኦሮምኛ።

«ነሺ።» ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አታውቂውም እንዴ? ከተሜ ትመስያለሽ!»

«እስቲ ንገሪኝ።»

«ነሺ'ኮ የሚታቀፍ ማለት ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ ነሺ ነው። ሕፃን ነሺ ነው። እንግዳም በርዶት ከመጣ ነሺ ነው፣ እሳቱ አጠገብ እሱ ይቀመጣል። እሱን ደግሞ» አለች ወደሚስቁት ሰዎች ዞራ፣ «መሳቅ አይፈቀድም!»

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ቃል'ኮ ነው! ቃል ማን ያስተምራል?» ተስፋ ቆረጠችብኝና ወደ ኋላዋ ተጣራች። «እማ! ይቺ ልጅ ነሺን አታውቅም!»

እናቷ ገብስ እየሰፈረች ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ሁሉም ሀደ ሰፊያ ይሏታል፤ የሰፊያ እናት ማለት ነው፤ ሰፊያ ይቺው ጠበቃዋ ልጅ ናት። ረጅም፣ ወይን ጠጅ ሻሽ ያሰረች ሴት። የያዘችው ጣሳ አየር ላይ ቆመ። ግራ ቀኙን ቃኘች። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ አንገት ላይ የቀረ አስተያየት ነው።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። እህቴን እንዲህ ይሏት ነበር።»

«እጅሽን አምጪ።»

ሰጠኋት። በሁለት መዳፏ ያዘችው። ከዚያ፣ «ያንቺ ይሞቃል» አለች። «የእሷ እሳት ዳር እንኳን አይሞቅም ነበር።»

«ነበር» ስትል ሰማሁ። ሰዋስው የምወድ ልጅ ነኝ፤ በኦሮምኛም ቢሆን ኃላፊ ጊዜ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ጆንያ ላይ፣ ከሚንቀጠቀጠው ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሀደ ሰፊያ ቁና ለያዘው ገበያተኛ «ቆይ» አለችውና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ ነገረችኝ። ክረምት ነው፤ ከታች ከቡናው ጫካ በኩል አንዲት ልጅ አረንጓዴ ሹራቧ ውኃ ጠጥቶ፣ እያሳላት ደጃቸው ደረሰች። «ስምሽ ማነው ስንላት እየተንቀጠቀጠች ‹ነሽ› አለች። እኛ ስሟ መሰለን። ነሺ አልናት።» እቴቴ «በርዶኛል» ማለቷ ነበር? ወይስ ስሟን ልትናገር ጀምራ፣ ፈርታ፣ ግማሹን ደብቃ ነው? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም። ባልየው፣ «የአላህ እንግዳ ስሟ አይጠየቅም» አለ። ልጆቹን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ትውላለች፤ መሬቱን በእንጨት እየጫረች ፊደል ታሳያቸዋለች። ልጆቹም የበረደውን ሁሉ፣ የታቀፈውን ሁሉ በእሷ ስም ይጠሩት ጀመር። ሰፊያ የተወለደችው በኋላ ነው፤ ቃሉን ያገኘችው እንደ ጡት ነው። ሳሉ ግን አልለቀቃትም። ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ እሳት ዳር፣ ትልቋ የሀደ ሰፊያ ልጅ እቅፏ ውስጥ ተኝታ ሳለ አረፈች።

«ለምን አልላካችሁብንም?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል።

«ወደ ማን፣ ልጄ? ጅማ ወርደን ‹ነሺ የጠፋችባችሁ ሰዎች› እያልን እንዙር? ያኔ ስለ ሰው መጠየቅ ሰውን ማስያዝ ነበር።»

አባባ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደነገርኩት አላስታውስም፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ ጆንያውን የጣለው። ሀደ ሰፊያ ተነስታ ቆመች።

«አባቷ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«እንዲያው ልጠይቅዎት... ልጅቷ ኢስላም ነበረች?»

«አይደለችም» አለ አባባ። «የጌታ ነበረች።»

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኛ እንደ ራሳችን አጥበን፣ እንደ ራሳችን ዱዓ አድርገን ቀበርናት። ሌላ አናውቅም። አጠፋን?»

አባባ በሃይማኖቱ ቀልድ አያውቅም፤ የአጎቴን ልጅ ሠርግ በአታሞ ምክንያት ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምን ለብሳ?» አለ።

«አዲስ አቡጀዲ። ባሌ ለራሱ መገነዣ ብሎ ያስቀመጠውን።»

«አቡጀዲ ጥሩ ጨርቅ ነው» አለ አባባ። «ጥሩ ጨርቅ ነው። አላጠፋችሁም፣ እህቴ።» ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጠና ሰፊያ ውኃ እስክታመጣለት አልተነሳም። ገብሱን ሳንከፍል ጫኑልን። ወደ ጅማ ስንወርድ የጭነት መኪናው ላይ አባባ ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። አልበረደኝም ነበር።

እማማ ከመጋዘን ገና መግባቷ ነው፤ ቅንድቧ ላይ የቡና አቧራ አለ። እኔ ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ታማ ነው?» አለችኝ።

«ታማ ነው፣ እማማ።»

«በሰው እጅ አይደለም?»

«አይደለም። ሳል ነው። ሰው ቤት፣ እሳት ዳር።»

«ታማ» አለች እንደገና፤ ቃሉን እንደ ቡና ፍሬ ጣቶቿ መሃል እያገላበጠች። «ልጄ ታማ ሞተች። እንደ ሰው።» ፊቷ ላይ ያየሁትን ምን ልበለው? ደስታ ብዬ ብጽፈው ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ግን ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ድንኳኑ ተተከለ። ለቀስተኛው እየገባ፣ «እንዴት ሆነች?» ሲል እማማ ቀና ብላ መለሰች። «ታማ። ደዶ፣ ደግ ሰዎች ቤት። ገብሱ ሊታጨድ ሲል።» ለሚቀጥለው ትንሽ ትጨምራለች፤ «ሕፃን ታቅፋ።» ለሚቀጥለው፣ «በአዲስ አቡጀዲ።» ከሰፈሩ እናቶች አንዷ፣ ልጃቸው ካልተመለሰላቸው አንዷ፣ ይህን ሰምታ የእማማን እጅ ይዛ፣ «ታደልሽ» አለቻት፤ ማንም አልደነገጠም። ወንድሞች መዝሙር ዘመሩ። ስንት ዓመት በየጓዳው በለሆሳስ የተዘመረውን መዝሙር ያን ቀን በሙሉ ድምፅ፣ መንገዱ እየሰማ ዘመሩት፤ ለቅሶ ማን ይከለክላል?

በሁለተኛው ቀን አንድ ጋሪ ከድንኳኑ ፊት ቆመ። ሀደ ሰፊያ ከባሏና ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ወረደች፤ ሰፊያ ከኋላ ቅቤ ተሸክማለች። እማማ ልትቀበላት ወጣች። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም፤ እማማ ኦሮምኛን የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው፣ ሀደ ሰፊያም አማርኛን እንዲሁ። ስለዚህ መሃላቸው ቆምኩ፤ እውነቱን ለመናገር ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል፣ ሁሉም ሰው እኔን እየጠበቀ ነውና። ሀደ ሰፊያ ደረቷን እየመታች፣ «ያ ነሺ ኮ! ያ ነሺ ኮ!» አለች፤ «ነሺዬ» ማለቷ ነው። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ ለማን ነው የምታለቅሰው? እማማ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ወርቅ» አለቻት። «ስሟ ፊት አለው። በወርቅ ነው የሚጀምረው።»

ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ ሀደ ሰፊያ ቀደመችኝ። ወርቅ በኦሮምኛም ወርቄ ነው።

«ወርቄ?» አለች፤ ለእሷ ያው ሴት የምታጌጥበት ወርቅ ነው። እማማ ግን በአማርኛ «የእኔ ወርቅ» ስትላት ሰማች።

«ወርቄ» አለች እማማ።

«ወርቄ! ወርቄ!»

ተቃቅፈው፣ አንዷ ካንዷ እየተቀበለች፣ ከሁለቱ እናቷ የትኛዋ እንደሆነች አዲስ የመጣ ሰው ሊለይ በማይችልበት ድምፅ አለቀሱላት። እኔ መሃል ቆሜ ነበር። የምተረጉመው ነገር ስላልነበረ ቦታ ለቀቅሁላቸው።